የጎጡ ስም

ከ1831 እስከ 1921 ድረስ፣ ዘጠና ዓመት ሙሉ፣ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ይታተም በነበረ አንድ የካቶሊኮች ጋዜጣ ላይ የጠፉ ሰዎች ይፈለጉ ነበር። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ጋዜጣው በኋላ «ፓይለት» በሚል ስም የታወቀው ነው። ፈላጊዎቹም ተፈላጊዎቹም ከሞላ ጎደል አየርላንዳውያን ናቸው፤ ሚስት ባሏን፣ እናት ልጇን፣ ወንድም እኅቱን፣ አንዳንዴም አብሮ አደግ አብሮ አደጉን። በእነዚያ ዓመታት የወጡት ማስታወቂያዎች በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። በሀገራችን ሬዲዮ የአፋልጉኝ ማስታወቂያ ሲነበብ እየሰማ ያደገ ሰው የእነዚህ መስመሮች ድምፅ አይጠፋውም።

እያንዳንዱ ማስታወቂያ ከጥቂት መስመር አይበልጥም። ስም ይቀድማል። ከስም ቀጥሎ የትውልድ ቦታ ይመጣል፤ አውራጃው፣ ከአውራጃው አጥቢያው፣ ብዙ ጊዜም ከአጥቢያው ጎጡ። ከሀገሩ የወጣበት ዓመት፣ የተሳፈረበት መርከብ፣ የወረደበት ወደብ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ወሬው የተሰማበት ከተማ፣ ይዞት የነበረው ሥራ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። መጨረሻ ላይ ፈላጊው ማን እንደ ሆነና መልሱ በየት በኩል እንደሚደርሰው ይጻፋል።

እኔን የሚይዘኝ ይህ ቅደም ተከተል ነው። ተፈላጊው አሜሪካ ከገባ አሥር ወይም አሥራ አምስት ዓመት ሆኖት ይሆናል። ኢሊኖይ ድረስ ወርዶ የመርከብ ቦይ ሲቆፍር፣ ቦዩ ሲያልቅ የባቡር ሐዲድ ሲያነጥፍ፣ ሐዲዱ ሲያልቅ ፔንስልቬንያ ገብቶ የድንጋይ ከሰል ሲያወጣ ኖሮ ይሆናል። ሊፈልገው የተነሣ ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠራው ጥሎት የወጣውን ጎጥ ነው፤ ማዮ ወይም ሮስኮመን ወይም ክሌር ውስጥ፣ ከአካባቢው ሰው በቀር ማንም ስሟን ሰምቶ የማያውቅ፣ የጥቂት ጎጆዎች ሰፈር።

ስለ ስደተኛና ስለ ትናንቱ ሲወራ ቶሎ የሚነሣው ናፍቆት ነው። አየርላንዳውያን በዚህ የታወቁ ናቸው፤ ዘፈናቸውም፣ የቅዱስ ፓትሪክ በዓላቸውም፣ በሌሊት መጠጥ ቤት የሚያወጉት ወግም ይመሰክራል። ናፍቆቱ እውነተኛ ነው፤ ላቃልለው አልሻም። እነዚህን ማስታወቂያዎች ሳነብ ግን ትናንት ሌላ ሥራ ሲሠራ አያለሁ። በማያውቁት ሰፊ አህጉር የተበተኑ ሰዎች እርስ በርስ ለመገናኘት የነበራቸው አስተማማኝ አድራሻ የተወለዱበት ቦታ ብቻ ነበር።

ለምን እንደዚያ እንደ ሆነ ማየት አይከብድም። ጆን መርፊ ወይም ሜሪ ሱሊቫን ብሎ ሰው መፈለግ ማንንም አለመፈለግ ነው፤ አንዷ መርከብ ብቻ ብዙ ጆን መርፊዎችን ልትጭን ትችላለች። አየርላንድ ገጠር ውስጥ እንኳ አንድን የቤተሰብ ስም መንደር ሙሉ ሲጋራው፣ ሰው ከስሙ ጋር የአባቱና የአያቱ ስም ተከታትሎ ይጠራ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የመኖሪያ አድራሻ የሚባል ነገር ለቀን ሠራተኛ አልነበረውም። ሥራው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፤ ዛሬ የተኛበት ድንኳን በወሩ ይነቀላል። የማይንቀሳቀሰው አንድ ነገር ውቅያኖሱን ተሻግሮ የቀረው ጎጥ ነው። ስለዚህ ሰው ባለበት ቦታ ሳይሆን በወጣበት ቦታ ተፈለገ።

ይኸው አሠራር በገንዘብም ነበር። በ1850 የአየርላንድ ስደተኞችን ለመርዳት የተቋቋመ ማኅበር ሰዎች ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ የቁጠባ ባንክ ከፈቱ። ገንዘብ ሊያስቀምጥ የመጣው ሰው ብዙ ጊዜ ስሙን መፈረም አይችልም። እናም ጸሐፊው ስለ እሱ መዝገብ ይይዛል፤ የት እንደ ተወለደ፣ በየትኛው ዓመት በየትኛው መርከብ እንደ መጣ፣ አባቱና እናቱ ማን እንደሚባሉ፣ በሕይወት ያሉት እኅት ወንድሞቹ የት እንዳሉ። ገንዘቡን ሊያወጣ ሲመጣ መልሰው ይጠይቁታል። ያጠራቀማትን ዶላር ለማግኘት የእናቱን ስምና የመንደሩን ስም መናገር ነበረበት። ማስታወስ የዕለት እንጀራ ጉዳይ በሆነበት ኑሮ ውስጥ፣ ትናንት ሰውን ይስበዋል ወይስ አይስበውም ብሎ መጠየቅ ራሱ ትንሽ የራቀ ነገር ይመስለኛል።

ያ የሚጠራው ጎጥ ግን ብዙ ጊዜ የለም። ይህን ሳስብ ነው ልቤ የሚከብደው።

በ1845 አየርላንድ ውስጥ የድንች በሽታ ገባ። ከዚያ እስከ 1852 ባለው ዘመን አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና ረሃብ በሚያመጣው በሽታ አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ደግሞ ተሰደደ። በ1841 ከ8 ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝብ በ1851 ወደ 6.5 ሚሊዮን ወርዶ ተገኘ። በ1847 የወጣ ሕግ ከአንድ አራተኛ ኤከር በላይ፣ ማለትም ከአንድ ሺህ ካሬ ሜትር ገደማ በላይ፣ መሬት የያዘ ሰው የመንግሥት እርዳታ አያገኝም አለ። ልጆቹን ለማብላት የፈለገ ገበሬ መሬቱን መልቀቅ ነበረበት። መሬቱን የለቀቀው፣ ኪራይ መክፈል ያቃተውም፣ ከቤቱ ይወጣል፤ ዳግም ገብቶ እንዳይኖርበትም ጣሪያው ይነቀላል፣ ግድግዳው ይፈርሳል። እንዲህ ሰው አልባ የሆነ ጎጥ ብዙ ነው።

ስለዚህ ከረሃቡ ወዲህ ማስታወቂያ ካወጡት ብዙዎቹ፣ ጎጡን ሲጠሩ፣ ቤት የማይቆምበትን፣ ጭስ የማይወጣበትን ቦታ ነው የጠሩት። እዚያ ሄዶ ቢጠይቅ «አውቀዋለሁ» የሚል ጎረቤት የለም። ጎረቤቱም ቦስተን ነው፣ ወይም ሊቨርፑል፣ ወይም በኩቤክ አቅራቢያ ግሮስ አይል በምትባለው ደሴት፣ በ1847 በተስቦ ካለቁት ሺዎች ጋር ተቀብሯል። ሆኖም ጎጡ የሚሠራው እንደ ድሮው ነው። ስሙ ሲጠራ ሎዌል ካለው የጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ አንዲት ሴት ቀና ትላለች፤ «እኔም የዚያ ነኝ፤ እኅቱን አውቃታለሁ» ትላለች። መሬት ላይ የፈረሰው ሰፈር ሰዎቹ እስካሉ ድረስ በመካከላቸው ይኖር ነበር።

ስሙም ቢሆን በአንድ ዓይነት አጻጻፍ አልዘለቀም። በ19ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ የእንግሊዝ መንግሥት ቀያሾች ሀገሩን በሙሉ በካርታ ሲያነሡ፣ አብዛኞቹ በአየርላንድኛ ይጠሩ የነበሩ ከ60 ሺህ የሚበልጡ ጎጦችን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈዋቸዋል። ከምዕራብ አየርላንድ የመጣው ስደተኛ ግን ካርታውን አላየም። ስሙን የሚያውቀው በጆሮው ነው፤ ቦስተን ላይ ሲነግር ጸሐፊው እንደ ሰማው ይጽፈዋል። አንዷ ጎጥ በአንድ ሳምንት አንድ ዓይነት፣ በሌላ ሳምንት ሌላ ዓይነት ሆና ትወጣለች፤ ከካርታው ጋር የማትገጥምበት ጊዜ ብዙ ነው። ደግነቱ ጋዜጣው ማንበብ ለማይችሉት ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው ነበር። ከአፍ የወጣው ስም ዞሮ ወደ ጆሮ ሲገባ፣ ፊደሉ ቢሳሳትም፣ የጎጡ ልጅ ያውቀዋል።

አየርላንድ ገጠር ውስጥ ልጅ ወደ አሜሪካ ሲሄድ በዋዜማው ሌሊት ጎረቤት ይሰበሰብ ነበር። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጨፈራል፤ ሲነጋጋ ግን አሮጊቶቹ ለሬሳ እንደሚያለቅሱት ያለቅሳሉ። ሥርዓቱ የቀብር ዋዜማ ሥርዓት ነው። ምክንያት ነበራቸው። በዚያ ዘመን ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ ከሄዱት ሕዝቦች መካከል ወደ ሀገራቸው በመመለስ እጅግ ጥቂት ከሆኑት አንዱ አየርላንዳውያን ነበሩ፤ የሄደ አይመጣም። በቁሙ የተለቀሰለት ሰው በጋዜጣ ሲፈለግ ነገሩ ይገለበጣል፤ እናቲቱ አልቅሳ የሸኘችውን ልጅ በሕይወት አለ ብላ ትጠራዋለች።

በዚህ ላይ ገንዘብ አለ። ማስታወቂያዎቹን የፍቅር ብቻ አድርጎ ማንበብ እነዚያን ሰዎች ማሳነስ ነው። ከአየርላንድ የሚሰደደው ከሌሎች የአውሮፓ ሀገሮች ስደተኛ የሚለይበት ነገር ነበረው፤ ከረሃቡ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ከወጡት ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ባል የሌላቸው ወጣቶች። በቦስተንና በኒው ዮርክ ሀብታሞች ቤት አገልጋይ ሆነው ገቡ። ከደመወዛቸው የወላጆቻቸውን የመሬት ኪራይ ከፈሉ፤ የታናሽ እኅታቸውን የመርከብ ትኬት ከአሜሪካ ሆነው ገዝተው ላኩ። እሷም ደርሳ ሥራ ስትይዝ ተከታይዋን ታመጣለች። ከእነዚህ አንዷ ድምፅዋ ሲጠፋ የሚቋረጠው ደብዳቤ ብቻ አልነበረም፤ ወላጆቿ የሚያድሩበት ቤት አደጋ ላይ ይወድቃል፣ ወደብ ላይ የምትጠብቀው ታናሽ ትቀራለች። ከአየርላንድ ልጇን የምታፈላልግ እናት በአንድ ትንፋሽ ልጇንም ኪራዩንም ትፈልጋለች። ሁለቱን ለይቶ መዝኖ የትኛው ይበልጥ ነበር ማለት የሚችለው ተቸግሮ የማያውቅ ሰው ነው።

ሆኖም ትናንት ሰውን ከቤተሰቡ የሚያገናኝበትን ኃይል ብቻ አንሥቼ ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል። ያው ጎጥ ሰውን ከቤተሰቡ ነጥቆም ይወስዳል። ለዚህ ከጋዜጣው ውጭ ያለ፣ በደንብ የታወቀ አንድ ታሪክ አለ።

ጄምስ ኦኒል ኪልኬኒ ውስጥ የተወለደ፣ ገና ሕፃን ሳለ በረሃቡ ማግሥት ወላጆቹ ወደ አሜሪካ ወስደው ቡፋሎ ከተማ ያሳደጉት ልጅ ነው። አባቱ አልቻለበትም። ሚስቱንና ልጆቹን ጥሎ ወደ አየርላንድ ተመለሰ፤ እዚያው ሞተ። እናት የሰው ቤት እየጠረገች፣ ልጅ በአሥር ዓመቱ ገደማ ፋብሪካ ገብቶ እየሠራ ኖሩ። ጄምስ አድጎ በአሜሪካ መድረክ ዝነኛ ተዋናይ ሆነ፤ «የሞንቴ ክሪስቶው መስፍን» የተባለውን ትያትር በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ተጫውቶ ሀብት አፈራ። ድህነትን መፍራት ግን አልተወውም። ልጁ ዩጂን ኦኒል በ1936 በሥነ ጽሑፍ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ጸሐፌ ተውኔት ነው። ዩጂን በ1941 ጽፎ የጨረሰው፣ ከሞተ በኋላ በ1956 የታተመው «የረዥሙ ቀን ጉዞ ወደ ሌሊት» የገዛ ቤተሰቡ ታሪክ ነው። ዘመኑ 1912፣ ቦታው ኮኔቲከት ውስጥ ባሕር ዳር ያለ የበጋ ቤት። አባትየው ሀብታም ነው፤ መሬት ሲገዛ ይውላል፤ ግን አምፖል በከንቱ በራ ብሎ ይቆጣል፣ የታመመ ልጁን ርካሽ መታከሚያ ቤት ሊያስገባ ያስባል። ሌሊቱ ሲገፋ አባትየው ለልጁ የገዛ አባቱን ነገር ያወራለታል፤ ሊሞት ወደ ሀገሩ ስለ ሄደው፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ፋብሪካው።

ይህን ሥራ ሳስብ ደጋግሜ የምመለሰው ወደዚያ ስሙ ብዙም ወደማይነሣው አያት ነው። እሱን ጎጡ ጠራው፤ ሄደ። የልጅ ልጁን አላየም፤ ኮኔቲከት የሚባል ቦታም ምናልባት ሰምቶ አያውቅም። የእሱ ናፍቆት ግን በልጁ ላይ ፍርሃት ሆነ፤ ፍርሃቱ በልጅ ልጆቹ ላይ ቅዝቃዜ ሆነ፤ ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ አንድ ቤተሰብ ስለ አምፖል ሲጨቃጨቅ የሚጨቃጨቀው እሱ ስለ ሄደ ነው። ልጆቹ ይህን የሚሰሙት ሰካራም አባታቸው በእኩለ ሌሊት አፉ ሲፈታ ብቻ ነው። ስደት ቤት ውስጥ እንዲህ ይወርዳል ብዬ አምናለሁ፤ ከተነገረው ይልቅ ባልተነገረው። ከረሃቡ የተረፉት ሰዎች የልጅ ልጆች ስለዚያ ዘመን ቤታቸው ውስጥ አንድም ቃል አልሰማንም ሲሉ ብዙ ጊዜ ተሰምቷል። ለጋዜጣ የተነገረው ጎጥ ለልጅ ሳይነገር ቀረ። የመጀመሪያው ትውልድ የጎጡን ስም ያውቃል፤ ሁለተኛው አውራጃውን፤ ሦስተኛው «ከአየርላንድ ነን» ይላል። በማሳቹሴትስ የድሮ ካቶሊኮች መካነ መቃብር አንዳንድ ድንጋይ ላይ ከሟቹ ስም በታች የተወለደበት አውራጃና አጥቢያ ተቀርጾ ይገኛል። ያስቀረጸው ሰው ለማን ብሎ እንዳስቀረጸው አስባለሁ፤ በቤት ያልተናገረውን በድንጋይ ያስቀመጠ ይመስለኛል።

የጋዜጣው የአፋልጉኝ ዓምድ በ1921 ቆመ። በዓመቱ፣ በሰኔ 1922፣ በአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት መጀመሪያ ላይ፣ ደብሊን የሚገኘው የመንግሥት መዝገብ ቤት ተቃጠለ። ከ1821 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ የተካሄዱት፣ እስከ 1851 ያሉት የሕዝብ ቆጠራ መዝገቦች ከጥቂት ቁርጥራጭ በቀር ወደሙ፤ በየጎጡ በየቤቱ ማን ይኖር እንደ ነበረ የሚናገሩት ማለት ነው። ከረሃቡ በፊት የነበረው ገጠር ስም ዝርዝር በአንድ ቀን አመድ ሆነ።

እዚህ ላይ ፍለጋው አቅጣጫውን ይቀይራል። ያኔ የታወቀው ጎጡ፣ የጠፋው ሰው ነበር። ዛሬ በአሜሪካ የሚኖሩት የልጅ ልጅ ልጆች ሰውየውን ያውቁታል፤ መቼ እንደ ሞተ፣ የት እንደ ተቀበረ፣ ምን እንደ ሠራ ወረቀት አላቸው። የጠፋባቸው ጎጡ ነው። በ2015 የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ካቶሊክ አጥቢያዎችን የጥምቀትና የጋብቻ መዝገቦች ማንም በነጻ እንዲያያቸው በኢንተርኔት ላይ አወጣ። በዚያ ድረ ገጽ ላይ መዝገቦቹ ግን በሰው ስም አልተደረደሩም፤ በአጥቢያ ነው የተከፈሉት። የአያት ቅድመ አያቱን ስም ይዞ ወደዚያ የሚመጣ ሰው አጥቢያውን ካላወቀ የእጅ ጽሑፍ ገጾች ባሕር ውስጥ ይገባል። እናም ሰዎች ወደ እነዚያ የአፋልጉኝ ማስታወቂያዎች ይዞራሉ። በኒው ኢንግላንድ ያለ አንድ የትውልድ ሐረግ አጥኚዎች ማኅበር ሰብስቦ በስምንት ጥራዝ አሳትሟቸዋል። ወንድሟን ለማግኘት ተጨንቃ ጎጧን የተናገረች አንዲት ማንበብ የማትችል ሴት፣ ሳታስበው፣ መንግሥት ያጣውን መዝገብ ጠብቃለች።

ተገኙ ወይ? ማስታወቂያዎቹ አይናገሩም። የተገኘ ሰው ተገኘሁ ብሎ ጋዜጣ ላይ አይወጣም፤ ያልተገኘው የሚታወቀው ያው ማስታወቂያ ደግሞ ደጋግሞ ሲወጣ ነው። አንዳንዶቹ በቦዩ ሥራ ላይ በኮሌራ፣ ሌሎቹ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሜዳ ሞተው ነበር። አንዳንዶቹ ደግሞ መገኘት አልፈለጉም። ሚስቱን አየርላንድ ትቶ፣ ልልክልሽ ነው ብሎ፣ ኦሃዮ ላይ ሌላ ትዳር የመሠረተ ሰው ጋዜጣው ሲነበብ በዚያው ክፍል ተቀምጦ የጎጡን ስም ሰምቶ ይሆናል። ዝም ማለት ይችላል፤ ማንም አያውቅበትም። ለአዲሶቹ ልጆቹ የትውልድ ቦታውን ባይነግር፣ ወይም የሌላ አውራጃ ስም ቢሰጣቸው፣ ምክንያት አለው።

እንዲህ ያለ ሰው የልጅ ልጅ ልጆች ዛሬ ሀገራቸውን ሲፈልጉ የቤተሰብ ወግ አይረዳቸውም፤ የመቃብር ድንጋዩም ባዶ ነው። ያላቸው አንድ መንገድ ያቺ የተተወች ሚስት ያወጣችው ማስታወቂያ ነው። እዚያ ውስጥ የመርከቡ ስም አለ፣ ዓመቱ አለ፣ አውራጃው፣ አጥቢያው፣ ጎጡ አለ። ጎጡን ሲያገኙ አብረው የሚያገኙት የመጀመሪያዋን ሚስት ነው፤ ከእሷ የተወለዱትንም ልጆች፤ ዛሬ ምናልባት እዚያው አጥቢያ ያሉ፣ የአንድ አባት ዘር የሆኑ፣ መኖራቸውን ያልሰሙ ዘመዶች። ደብዳቤ ይጻፉላቸው ወይስ አይጻፉላቸው፣ የሚወስኑት እነሱ ናቸው።